ሁለተኛው ካሴት የወጣ ሰሞን

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ዛሬ ወጣ። ሱቁ እስኪከፈት በር ላይ የቆምኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሻጩ ካሴቱን ከሳጥኑ እያወጣ "ለልጅዎ ነው?" አለኝ። ለራሴ ነው፣ ምነው አልመስልም ስለው ደነገጠና በሁለት ፌስታል ደራርቦ ሰጠኝ።

ደብተሩ አዲስ ስለሆነ ማን ማን እንደሆነ ላስተዋውቀው። ዘፋኙ ታናሽ ወንድሜ ነው። ሽፋኑ ላይ ትልቅ ስም ተጽፎለታል፤ እኛ ቤት ግን ማሙሽ ነው፤ ፂሙ ደረቱ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረውም፣ እሱ አሁንም ማሙሽ ነው። እናታችን ስታርፍ ገና ድምፁ አልጎረነነም ነበር። እኔ ነኝ ያሳደግኩት። ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ረጅሙ ነው፤ በራችንን ባለፈ ቁጥር ግንባሩን ስለሚገጭ ሌላ ስም አላስፈለገውም። ከበሮው ላይ ያለው ዶፍ ይባላል፤ ሲመታ የሰማ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም። ቫዮሊን የምትጫወተው የቋንቋ ትምህርት ቤት አስተማሪ ስለሆነች መምህርቷ እንላታለን። አራት ሆነው የባላገሩን ዜማ፣ የአጨዳውን፣ የእንጉርጉሮውን፣ በኤሌክትሪክ ጊታር ይጫወቱታል።

የመጀመሪያው ካሴት የዛሬ ሦስት ዓመት ያልገባበት ቤት አልነበረም። ታክሲ ውስጥ እሱ፣ ሠርግ ቤት እሱ። ሰው የአጨዳውን ዘፈን መጨረሻ፣ ያቺን ወደ ላይ የምትወጣ ጩኸት፣ መንገድ ላይ ሲጮኻት ይውላል።

አዲሱን ከሰዓት ቁጭ ብዬ ዳር እስከ ዳር ሰማሁት፤ ከዚያ ገልብጬ ደገምኩት። አራተኛው ላይ አንድ ሰውዬ አባቱ የተዋሰውን መሰላል ተሸክሞ ሊመልስ ይሄዳል፤ ባለቤቱ ግን ከሞተ ቆይቷል። ሰውዬው መሰላሉን ይዞ ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ። ይኸው ነው ዘፈኑ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ስላልነበር ያለቀስኩት ለምን እንደሆነ ለባለቤቴ ማስረዳት ከበደኝ።

የማሙሽ ድምፅ ወፈር ብሏል። ደስ ይላል፣ አጠገቤ ተቀምጦ የሚያወራኝ ነው የሚመስለው። የመጀመሪያው ሌላ ነው። እሱ ላይ ያለው፣ እኔ ሳህን ሳጥብ ደፍ ላይ ተቀምጦ ይዘፍንልኝ የነበረው ልጅ ነው። አንዳንዴ ለሱ ብዬ ብቻ ነው የምከፍተው።

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ

ፀጉር ቤቴ ሁለት የፀጉር ማድረቂያ ካስክ አለኝ። ራሷን ካስክ ውስጥ የከተተች ሴት የምታንሾካሾክ ይመስላታል፤ ማሽኑ ጆሮዋ ላይ ስለሚያጓራ ግን ወሬዋ መንገድ ድረስ ይሰማል። በዚህ ሙያ ስንት የባል ጉድ ሰማሁ።

ዛሬ ሁለቱም ካስክ ሥር የማሙሽ ወሬ ነበር። የፋርማሲዋ ሴትዮ ሁለት ዘፈን ሰምታ እንደተወችው ተናገረች። ድምፁ ወርዷል አለች። ጎረቤቷ ደግሞ ሳያገባ አይቀርም፣ ወንድ ሲያገባ ድምፁ ይወፍራል አለች። ወንድሜ መሆኑን ያውቃሉ፤ እዚያው መቆሜን ነው የረሱት።

የፋርማሲዋን ሴትዮ ቢጎዲን፣ የፀጉር መጠቅለያዋን፣ ፈትቼ እንደገና ጠበቅ አድርጌ ጠቀለልኩላት። ሆን ብዬ አይደለም። ትንሽ ሆን ብዬ ነው።

ጥቅምት 8፣ ዓርብ

ማሙሽ ስልክ ደወለ። ሰው ምን ይላል አለኝ። በጣም ወደውታል አልኩ። ቶሎ ነው ያልኩት፣ ሳይጠይቅ መልሱን ያዘጋጀሁ ይመስል።

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ

ባለቤቴ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ዛሬ ሳላስበው የሱን መኪና ተሳፈርኩ፤ እሱ ኋላ መቀመጤን አላየም። ምን ቢያጫውት ጥሩ ነው? የመጀመሪያውን ካሴት። አዲሱን በገዛ እጄ ጠቅልዬ ሰጥቼው፣ በየቀኑ አጫውተው ብዬው፣ እሱም እሺ ብሎኝ። እስከ መጨረሻው ፌርማታ ዝም ብዬ ሄድኩና ስወርድ ፊቱ ቆምኩ።

"አንቺ ሴትዮ፣ መቼ ተሳፈርሽ?" አለ። ከዚያ እንደ ሌባ ይለማመጠኝ ጀመር። ተሳፋሪው አሮጌውን እያለ ያስቸግረዋል፤ አዲሱን ሲከፍት ግማሹ ሰው ያንቀላፋል፤ አንዷ መውረጃዋ አልፏት ልትሰድበው ነበር። መሰላሉ ዘፈን ላይ ነው ያለፋት አለኝ። እንቅልፍ ላይሆን ይችላል፣ እያሰበች ይሆናል አልኩት። ይሆናል አለ፣ ሳይከራከረኝ። ካልተከራከረኝ አዝኖልኛል ማለት ነው።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

የራዲዮው ሰውዬ ስለ ካሴቱ አወራ። በደህና ጀመረ፤ ግጥሙ በስሏል፣ ቫዮሊኗ ታምራለች አለ። ከዚያ "ያ የምናውቀው ድምፅ የት ሄደ?" ብሎ የድሮውን የአጨዳ ዘፈን ለቀቀና ፕሮግራሙን በሱ ዘጋ። የአዲሱን አንዷን እንኳ ሳያሰማ።

ማሙሽ ይሰማው ይሆን? ይሰማዋል እንጂ። ያንን ራዲዮ የማይሰማ ማን አለ።

አሳታሚው ሱቆቹ ካሴቱን በካርቶን እየመለሱበት መሆኑን ለረጅሙ ነግሮታል። ረጅሙ ለኔ ነገረኝ። እኔ ለማንም አልነገርኩም፤ ለዚህ ደብተር ካልሆነ።

ጥቅምት 24፣ እሁድ

ትናንት የመምህራን አዳራሽ ተጫወቱ። ዕቃቸው መሀል ወንበር ስበው ከመድረክ ኋላ አስቀመጡኝ። እነዚህን ልጆች ቀርቤ ሳያቸው ምን ያህል እንደሚያስቀኑ ልጻፈው። መምህርቷ ጫማዋን አውልቃ በካልሲ ነው የምትጫወተው፤ ወለሉ ሲንቀጠቀጥ በእግሯ ካልሰማችው ትሳሳታለች። ዶፍ ከመጀመሩ በፊት እንደ ቦክሰኛ ትከሻውን ያሟሙቃል። ረጅሙ ደግሞ ትንሿን ቴፕ ጆሮው ላይ ለጥፎ የመጀመሪያውን ካሴት ይከፍትና የጊታሩን ክር ከሱ ጋር እስኪገጥም ይወጥራል። ከዚያ መምህርቷ በሱ ትቃኛለች። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርጉት። መቃኛ የሚባል ዕቃ ኖሯቸው አያውቅም፤ ካሴቱ አለ አይደል።

ከአዲሱ ሦስት ተጫወቱ። ሰው በጨዋነት አጨበጨበ። አንዱ ከኋላ "አጨዳውን" ብሎ ጮኸ፤ ሌላው ተቀበለው። ማሙሽ ዘፈነላቸው። ያቺ ጩኸት ላይ ሲደርስ ከጎን ነበር የማየው፤ የአንገቱ ደም ሥር ተገትሮ ጣት የሚያክል ሆነ። ወጣችለት። አዳራሹ አበደ። እሱ ግን ዞር ብሎ መሀረቡን አፉ ላይ አደረገ፤ ኪሱ ሲከተው ቀይ ያየሁ መሰለኝ።

መብራቱ ቀይ ነበር። መብራቱ ይሆናል።

ጥቅምት 28፣ ሐሙስ

ድምፁ ዘግቷል። እቤት መጥቶ በእጁ ምልክት ነው የሚያወራኝ። ዝንጅብል በማር አፍልቼ ሰጠሁት፣ በጨው ውኃ አስጉመጠመጥኩት፣ አንገቱ ላይ ፎጣ ጠመጠምኩ። ባለቤቴ ፂም ያለው ሕፃን ይመስላል ብሎ ሳቀ። ማሙሽም ድምፅ ሳያወጣ ሳቀ።

ወረቀት ላይ "የድሮው ለምንድን ነው የማይወጣልኝ?" ብሎ ጻፈልኝ። እኔም አይዞህ፣ ተለማመድ፣ እንደ ድሮህ አድርገህ ልቀቀው አልኩት። ምን ልበለው ታዲያ?

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሟ በቀጭን መስታወት ጉሮሮውን አየችና መጅ ወጥቶበታል አለች። መጅ እኮ መቆፈሪያ የያዘ ሰው መዳፍ ላይ ነው የማውቀው። ድምፅ ላይም ይወጣል ለካ። ከአቅሙ በላይ ወደ ላይ እየገፋ ስለሚዘፍን ነው፤ ሁለት ሳምንት ዝም ይበል፣ ከዚያ በራሱ መጠን ይዝፈን፣ አለበለዚያ ድምፁ አንድ ቀን ሄዶ አይመለስም አለች። እኔን እያየች ነበር የምትናገረው፣ እንደ እናት።

በራሱ መጠን ማለት ምን ማለት ነው? የዘፈነው እኮ የራሱን ዘፈን ነው። የሰው አልዘፈነ።

መንገድ ላይ ማሙሽ ወረቀቱን አውጥቶ "አርጅቻለሁ ማለቷ ነው" ብሎ ጻፈ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው።

ኅዳር 6፣ ዓርብ

አሳታሚው ፀጉር ቤት ድረስ መጣ። መላጣ ነው፤ ደንበኞቼ ምን ሊሠራለት ነው ብለው ተጠቃቀሱ። ማሙሽ ስልክ አያነሳም ብሎ በኔ በኩል ሊያግባባው ነው። ታኅሣሥ 5 ትልቁን አዳራሽ ይዞላቸዋል። የመጀመሪያውን ካሴት ከአንድ እስከ አሥር በተርታ፣ ልክ እንደ ካሴቱ። ከአዲሱ አንድም አይፈልግም። ልክ እንደ ካሴቱ የሚለውን ሦስቴ ደጋገመው። ይሄ ከተሳካ ሦስተኛ ካሴት ይኖራል፤ ካልተሳካ ደግሞ እኔም ሰው ነኝ፣ ይገባሻል አይደል እትዬ አለ። ይገባኛል አልኩት። መጥፎ ሰው አይደለም። የመጀመሪያውን ማንም ሳይቀበላቸው ተቀብሎ ያሳተመ እሱ ነው።

ሐኪሟ ያለችውን ነገርኩት። "እስከዚያ ይሻለዋል እንጂ" አለ ሲወጣ።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ሙሽራ አለችብኝ። አራት ሚዜ። እግሬን አላውቀውም።

አሳታሚው ያለውን ለማሙሽ ነገርኩት። እሺ በሚል ራሱን ነቀነቀ። አጉል እሺታ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ረጅሙ ፀጉሩን ሊቆረጥ መጣ። እሱ ሲቀመጥ እንኳ ወንበሩን እስከ ታች ማውረድ አለብኝ። ጨዋታ አያበዛም፤ ዛሬ ግን ድንገት ማሙሽ ልጅ እያለ ድምፁ ቀጭን ነበር ወይ አለኝ። ነበር፣ እንደ ካሴቱ አልኩ። ሲጎረንንስ አለኝ። ሲጎረንን ጎረነነ፤ አንድ ክረምት እንደ በር ሲንቋረር ከረመና ወፈረ። "እና ካሴቱ ላይ እንዴት ቀጠነ?" አለ። እኔ እንጃ፣ ማይክሮፎኑ ነው ብዬ እኮ ነው አልኩት።

በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። ሌላ ሊል ነበር፤ ተወው። ከዚያ አሮጌው መቅጃ ትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ውስጥ ይኖር እንደሆነ መምህርቷን ጠይቋት፣ አለ እንዳለችው ነገረኝ። የመጀመሪያውን የቀዱት እሷ ትምህርት ቤት ነው፣ እሁድ እሁድ፣ ለተማሪዎች ንግግር በሚቀዳበት ትልቅ መቅጃ። ምን ሊያደርግልህ ስለው እንዲሁ ነው አለ።

ይሄ ልጅ የሆነ ነገር ከብዶታል። ጋብቻ ይሆን? ከመምህርቷ ጋር ሲተያዩ አይቻለሁ።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

ጋብቻ አይደለም።

ሰኞ ስለማልሠራ ፀጉር ቤቱ ዝግ ነው። ረጅሙ ያንን መቅጃ ታቅፎ መጣ፤ ሻንጣ ያክላል። ማሙሽን እኔ እንድጠራው አድርጎ ነበር። ማሙሽ ካስኩ ሥር ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ረጅሙ መቅጃውን ቢጎዲን የማስቀምጥበት ጠረጴዛ ላይ ሰካው። ያኔ የቀዱበትን የመጀመሪያውን የቴፕ ክር አጠለቀና ከፈተው።

የአጨዳው ዘፈን ነው። ግን አልጋ ላይ ጋደም ብሎ እንደሚዘፍን ሰው ዝግ ያለ፣ የወፈረ። የአዲሱ ካሴት ድምፅ ነው። መሰላል የተሸከመው ሰውዬ ድምፅ ነው። ያቺ ጩኸት መጣች፤ እሷም ደረት ላይ ቀረች እንጂ ጣሪያ አልነካችም።

መጀመሪያ ዕቃው የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ረጅሙ ሲያስረዳን፣ እንደገባኝ ልጻፈው። መቅጃው ሞተሩ ያረጀ ነው፤ ሲቀዳ ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው። በራሱ ላይ መልሰው ሲሰሙት ያው ቀስ ስለሚል ልክ ይመጣል። አሳታሚው ግን ክሩን ወስዶ በደህናው ማሽን ሲያባዛው ፈጠነ። ዘፈኑም ፈጠነ፣ ድምፁም ቀጠነ። ካሴቱ ሲወጣ እነሱ ምን አሉ? አሳታሚው አሳምሮልናል አሉ። ድምፁን በካሴት ሰምቶ የማያውቅ ሰው የራሱን ድምፅ በምን ይለየዋል? መጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ ሁሉም እኔ ነኝ እንዴ ነው የሚለው። ከዚያ ሰው ወደደው። ሰው የወደደውን ማን ይመረምራል? ለመድረክ ሲሆን ደግሞ በካሴቱ ተቃኙ፣ ከፍ ብለው። ማሙሽም እሱን ተከትሎ ወጣ። ሦስት ዓመት ሙሉ።

ሁለተኛውን ግን በደህና ስቱዲዮ፣ በደህና ማሽን ቀዱት፤ ማሙሽ እንደ ማሙሽ ወጣ። ሰውም ድምፁ ወረደ አለ።

ማሙሽ ድገመው አለ። የሁለት ሳምንት ዝምታው ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ያወጣው የመጀመሪያ ቃል ነው። ረጅሙ ደገመው። ማሙሽ መስታወቱ ውስጥ ራሱን እያየ ሰማ። እኔ ፎጣ እያጠፍኩ ነበር፤ ያጠፍኩትን ፈታሁና እንደገና አጠፍኩት።

"መቼ ነው ያወቅከው?" አለ ማሙሽ።

"ሁለተኛውን ስንቀዳ" አለ ረጅሙ። "ስቱዲዮ ስንቃኝ ከካሴቱ ጋር አልገጥም አለኝ።"

"ዝም አልክ ታዲያ?"

"ሰው ወዶት ነበር። በሱ ነው የምንበላው ብዬ። ደም ስትተፋ አየሁ፤ ከዚያ በኋላ መተኛት አቃተኝ።"

መብራቱ አልነበረም ማለት ነው።

ማሙሽ ተነሳ። የተሳደበ ወይም ዕቃ የወረወረ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በሩን በቀስታ ዘጋው። ረጅሙ መቅጃውን አቅፎ ወጣ፤ ግንባሩን ገጨ፤ አላሸውም እንኳ።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

አልደወለም። ሥራ ብዙ።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

እስካሁን የለም። በሩን አንኳኩቼ ተመለስኩ፤ ውስጥ ነው ያለው፣ ይሰማኛል።

ሁለቱንም ካሴት ጎን ለጎን አስቀምጬ ቁጭ ብያለሁ። እኔ ያንን ቀጭን ድምፅ ስሰማ ልጄ ተመለሰ እል ነበር። ደፍ ላይ ተቀምጦ የዘፈነልኝ። ለካ የልጅ ድምፅ አይደለም፣ የሞተር ድምፅ ነው። ሳቅኩም፣ አለቀስኩም። ይባስ ብዬ እንደ ድሮህ አድርገው አልኩት። ሐኪሟ በራሱ መጠን ስትል ተቆጣሁ። የገዛ እህቱ ሆኜ ለሌለ ሰው አዳላሁበት።

ደግሞ አንድ ነገር አስባለሁ፤ ሰው እየሰማ የማልናገረው። ከዚያ ሁሉ ጋር ያንን ከፍታ በሥጋ ጉሮሮ ሦስት ዓመት ደርሶበታል እኮ። ማሽን የፈጠረውን እሱ በደም ሥሩ ዘፈነው። እንዲህ ያለ ሰው የት አለ? መስሎት ነው እንጂ ማድረግ አልነበረበትም፤ ግን አደረገው።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

መጣ። ቁርስ ላይ፣ እኔ ልወጣ ስል። ከስቷል። ሻይ ቀዳሁለት፣ አምስት ማንኪያ ስኳር ሲጨምር እንዳላየ ሆንኩ።

ብዙ ነገር አወራን። ሲቀዱ የነበሩትን እሁዶች አነሳ፤ መምህርቷ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ግጥሙን በጠመኔ እንደጻፈችለት፣ ዶፍ ከበሮው ጎረቤት እንዳይረብሽ የተማሪ ጃኬት እንዳለበሰው። ረጅሙን ተቀይሞት እንደሆነ ጠየቅኩት። ለሁለት ቀን ተቀይሞት ነበር፤ በሦስተኛው እሱ ቢሆን ምን ያደርግ እንደነበር ሲያስብ ቅያሜው ጠፋበት። ከዚያ ሻዩን እያማሰለ ይሄን አለ፦

"እታለም፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በሌለ ሰውዬ ስቀና ኖርኩ። ጠዋት ተነስቼ ያ ሰውዬ የት ሄደ እያልኩ ጉሮሮዬን ስፈልገው።"

"አሁንስ?"

"አሁን ደግሞ እኔን የሚያውቀኝ ሰው የለም።"

እኔ አውቅሃለሁ ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ፤ እውነት አይደለማ። አዲሱን ካሴት ዘጠኝ ጊዜም አሥር ጊዜም ሰምቼዋለሁ፣ መሰላሉ ላይ ሁልጊዜ አለቅሳለሁ አልኩት። እሱ እውነት ስለሆነ። ቀና ብሎ አየኝና "አራተኛውን?" አለ። አራተኛውን አልኩ። "እሱን አንድ ጊዜ ነው የዘፈንኩት፤ ሳልደግም ወጣ" አለ። ፈገግ ሲል ካየሁት ወር ሊሆነው ነበር።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

ተሰብስበው ተጨቃጨቁ፤ እኔ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ። ዶፍ እንደ ካሴቱ እንጫወት ነው የሚለው። አንድ ቀን ነው፣ አንድ ቀን ቻለው፣ ሕዝቡ ተደስቶ ይሂድ፣ ከዚያ ታርፋለህ። ክፋት የለውም፤ ሁለት ልጆች አሉት፣ አሳታሚው ከሄደ ወዴት ይሄዳል? መምህርቷ አንድ ቀን የሚባል ነገር እንደሌለ ሐኪሟ ተናግራለች አለች። ረጅሙ እንደ ጥፋተኛ ጥግ ይዞ ተቀመጠ።

ማሙሽ ሁሉንም ሰማ። አሳታሚው የጠየቀውን አሥሩንም ዘፈን በተርታ እንጫወታለን አለ፤ ቃሉን እንጠብቅለታለን። ግን በኔ ድምፅ። ዶፍ ሰው ይስቅብናል አለ። ይስቅ አለ ማሙሽ። ዶፍ ትራሴን በቡጢ መታውና "እሺ፣ ዝግ ማለት ካለበት ከበሮውን እንደ አዲስ ማሰብ አለብኝ፣ ሳምንት አይበቃኝም" ብሎ ማጉረምረም ጀመረ። እሺ ማለቱ ነው።

ለአሳታሚው ማን ይንገረው ተባለ። ሁሉም እኔን አዩኝ። አልናገርም አልኩ። ሌላም ሊነግረው የተነሳ የለም።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት

ሁሉን ቀጠሮ ሰርዣለሁ። ባለቤቴ ሸሚዙን ሁለቴ ቀየረ፤ ማን ሊያየው እንደሆነ እንጃ።

ታኅሣሥ 6፣ እሁድ

ከመጀመሪያው ልጻፈው፣ ሳይጠፋኝ።

መልበሻ ክፍል ነበርኩ። ጊታሩና ቫዮሊኑ ሊቃኙ ሲሉ ሁሉም ረጅሙ ትንሿን ቴፕ እስኪያወጣ ጠበቁ። አላወጣም። ጊታሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ማሙሽ ፊት ተቀመጠ፤ ጉልበታቸው ሊነካካ። "በል አንጎራጉር" አለው። ማሙሽ ምን ልዘፍን ቢለው የመጣልህን አለ። ማሙሽ ዓይኑን ጨፍኖ ለራሱ እንደሚያንጎራጉር አንጎራጎረ፤ ረጅሙ ክሩን አላላ፣ አላላ፣ ድምፁ ያረፈበት ላይ ሲደርስ አቆመ። ከዚያ መምህርቷ በረጅሙ ተቃኘች። እንደዚህ ሲያደርጉ ሳይ፣ ሦስት ዓመት አብረው ኖረው ዛሬ ገና የተገናኙ መሰለኝ።

አዳራሹ ሞልቷል፤ እኔም ወጥቼ ከባለቤቴ ጎን ተቀመጥኩ። የአጨዳው ዘፈን መጀመሪያው ነው። ሲጀምሩ ሰው ጮኸ፤ ማሙሽ አፉን ሲከፍት ጩኸቱ ባለበት ቆመ። ከኋላዬ አንዱ "ባትሪ ጨርሷል" አለ፤ ጓደኞቹ ሳቁ። ሁለተኛው ላይ ፉጨት ነበር። ሦስተኛው ላይ ከፊት ረድፍ አምስት ስድስት ሰው ተነስቶ ወጣ፤ ወንበሮቹ ሲታጠፉ ተሰሙ። አሳታሚው በአጠገቤ አለፈ፤ ላቡን በመሀረብ ሲጠርግ ራሱ ያብረቀርቅ ነበር፣ አላየኝም። ባለቤቴ እጄን ያዘኝ። እሱ ሰው ፊት እጄን ይዞ አያውቅም።

ማሙሽ አልሮጠም። ከፊት ረድፍ የወጡትን በሩ እስኪደርሱ አያቸው እንጂ ፍጥነቱን አልጨመረም። በዝግታ ሲዘፍነው ቃሉ ይሰማ ጀመር። ያን ሁሉ ዓመት ስንጨፍርበት የኖርነው አራተኛው ዘፈን ለካ ስለ ሞተ በሬ ነው። እኔ ራሴ አላውቅም ነበር። ጎኔ ያለችው ሴት ለባሏ "እንዲህ ነው እንዴ የሚለው?" አለችው። ከዚያ እሷ ዝም አለች፣ ሌላውም ዝም አለ፤ አዳራሹ ቀስ በቀስ ዝም አለ። ሰው ሲሰለች ዝም እንደሚለው አይደለም። ሳል እንኳ ጠፋ።

አሥሩን ጨረሱ። ሰው እያጨበጨበ የአጨዳው ይደገም አለ። ማሙሽ ደገመው። ያቺ ጩኸት ላይ ሲደርስ ማይክሮፎኑን ከአፉ አራቀው። አልዘፈናትም። ዶፍ እጁን አነሳ፤ ምንም ድምፅ የለም። ከዚያ ከፎቁ ላይ አንዲት ሴት ጮኸቻት፤ ሌላዋ ተቀበለች፤ ከዚያ ያ ሁሉ ሰው። ማሙሽ ሲሰማቸው ዓይኖቹ ሞሉ። እነሱ ሲጨርሱ ከሥር፣ ከደረቱ፣ በራሱ መጠን አሳረፋት።

አሳታሚው ዛሬ ጠዋት ደወለ። ሦስተኛ ካሴት እንደማያወጣ ነገረኝ። የሁለተኛው ካርቶን መጋዘኑን ሞልቶታል፣ ኑና ውሰዱ አለ። ተናዶ ነው ብዬ ነበር፤ ግን ሊዘጋ ሲል ያ የበሬው ዘፈን ግጥሙ የማን እንደሆነ ጠየቀኝ። ሦስት ዓመት ሲሸጠው ኖሮ። ባለቤቴ ካርቶኖቹን በአውቶቡሱ ሊያመጣ ነው፤ አለቃው ከፈቀደ፤ ባይፈቅድም።

ማሙሽ ተኝቷል። ከመተኛቱ በፊት ስለ ጉሮሮው ጠየቅኩት፤ አላመመኝም አለ።

ታኅሣሥ 8፣ ማክሰኞ

ሥራ ጀመርኩ። የጠዋቷ ደንበኛ የባንክ ጸሐፊ ናት፤ ፀጉሯ ወፍራም ስለሆነ ካስክ ሥር ትቆያለች። ማሽኑ እያጓራ እየጮኸች አወራችኝ። ቅዳሜ አዳራሹ ነበረች። የናንተው ልጅ ታሞ ነው መሰለኝ በሱ ቦታ ሌላ ዘፋኝ አቁመው ነበር አለች፤ ተመሳሳይ ፂም ያለው፣ ጠና ያለ ሰው። መጀመሪያ ተናድዳ ልትወጣ ነበር፤ ጫማዋ ከወንበሩ ሥር ጠፍቷት እስክትፈልግ አራተኛው ዘፈን ተጀመረና እዚያው ቀረች። ከዚያ ወዲህ ያ ድምፅ ከጆሮዋ አልወጣ ብሏታል። ካሴት እንዳለው ጠየቀችኝ። አንድ አለው፣ አመጣልሻለሁ አልኳት።

"ወንድምሽ ያውቀዋል ሰውዬውን?" አለች።

"አሁን እየተዋወቁ ነው" አልኳትና ካስኩን ዝቅ አደረግኩላት።